የሆንግ ኮንግ ለዘብተኞች፦ ስለ ሲቪክ ማኅበር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ስናነብ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን የታጋይ ታሪክ ነው። ጫካ የገባ፣ የታሰረ፣ በመጨረሻ ባንዲራ የሰቀለ። ሆንግ ኮንግ ከዚህ መስመር ትወጣለች። እዚያ በምርጫ የሚካሄድ ፖለቲካ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከማዘጋጃ ቤት አላለፈም። ክርክሩ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ቄራና ስለ ጉሊት ነበር። በዚያ ክርክር ውስጥ መሐል መንገድ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ስለነሱ የሚነሱትን ጥያቄዎች እንደ አቅሚቲ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲቪክ ማኅበር የሚባለው ምንድን ነው?

በ1954 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተቋቋመ የፖለቲካ ቡድን ነው። ፓርቲ ብንለው አንሳሳትም፤ ስሙ ግን ማኅበር ነው። የተሰባሰቡበት መምህራን፣ ነጋዴዎችና ሌሎች የተማሩ ባለሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ብራዘር ብሪጋንት ካሲያን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። የማኅበሩን ጠባይ ከዚህ መገመት ይቻላል። ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ አቤቱታ ያስገባሉ፣ ከዚያ መልስ ይጠብቃሉ። አደባባይ ወጥቶ መጮህ የነሱ መንገድ አልነበረም።

የሚፈልጉት የእንግሊዝ አስተዳደር ቀስ በቀስ ለነዋሪው በር እንዲከፍት ነው። ነፃነት አልጠየቁም።

የተወዳደሩበት ምክር ቤት ምን ሥልጣን ነበረው?

ትንሽ ነበር፤ ግን ሰው ቤት ድረስ የሚገባ።

የከተማ ምክር ቤቱ ሥር በ1883 የተቋቋመው የጽዳት ቦርድ ነው። የከተማ ምክር ቤት የሚለውን ስም ይዞ ሥራ የጀመረው በ1936 ነው። ቆሻሻ ያስነሳል፣ ገበያና ቄራ ያስተዳድራል፣ ለምግብ ቤት ፈቃድ ይሰጣል፣ መናፈሻና የባሕር ዳርቻ ይጠብቃል። ለመንገድ ላይ ነጋዴ ፈቃድ የሚሰጠውም እሱ ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ1949 በኋላ ከቻይና የተሰደደው ሕዝብ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። ሥራ ያላገኘ ሰው ሳህን ሙሉ ዓሣ ወይም ጥቂት አትክልት ይዞ መንገድ ዳር ይቀመጣል። ፈቃድ ካለው ያድራል፤ ከሌለው ዕቃው ይወረሳል፣ እሱም ይቀጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መንግሥት ማለት የከተማ ምክር ቤት ነበር።

ቤትም አለ። በ1953 የገና ዕለት ማታ ሸክ ኪፕ ሜይ በሚባል የደሳሳ ጎጆዎች ሰፈር እሳት ተነሳ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ለተፈናቃዮች ፎቅ ቤቶችን በብዛት መሥራት ጀመረ። የእነዚያ ቤቶች ጉዳይ እስከ 1973 ድረስ በአብዛኛው ከከተማ ምክር ቤቱ ጋር የተያያዘ ነበር።

የማይችለው ደግሞ ብዙ ነው። ፖሊስ አያዝም። የጀልባና የአውቶቡስ ታሪፍ አይወስንም። የአገሩ በጀት አይመለከተውም። እነዚህ የገዢውና የሁለቱ ላዕላይ ምክር ቤቶች፣ ማለትም የአስፈጻሚውና የሕግ አውጪው፣ ጉዳዮች ናቸው። በሕግ አውጪው ምክር ቤት ውስጥ እስከ 1985 ድረስ በምርጫ የገባ አንድም ሰው አልነበረም። የሆንግ ኮንግ ሰው ለሠላሳ ዓመት ድምፅ የሰጠው ስለ ቆሻሻ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

መራጩ ማን ነበር?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1952 ነው። ለምርጫ የቀረቡት ወንበሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት ከተማ የተመዘገበው መራጭ 9 ሺህ ያህል ሰው ነበር። ከዚያም ውስጥ ድምፅ የሰጠው ሲሶው ብቻ ነው።

ወንበሮቹ በኋላ ጨመሩ። በ1953 አራት፣ በ1956 ስምንት፣ በ1965 አሥር ሆኑ። የቀሩትን ገዢው የሚሾማቸው ሰዎችና የመንግሥት ሹማምንት ይይዟቸዋል። መምረጥ የሚችለው በትምህርቱ፣ በሙያው ወይም በሚከፍለው ግብር የሚመዘን ሰው ነው። መምህሩ ይመርጣል፣ ሐኪሙ ይመርጣል፣ ጠበቃው ይመርጣል። የፋብሪካ ሠራተኛዋና ጉሊት ቸርቻሪው አይመርጡም። መብት ካላቸውም መካከል ብዙዎቹ ለመመዝገብ አልደከሙም። በ1981 እንኳን፣ ሕዝቡ ከአምስት ሚሊዮን ባለፈበት ጊዜ፣ የተመዘገበው መራጭ 40 ሺህ አይሞላም ነበር።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ስለ ሲቪክ ማኅበር ከሚነሱት ጥያቄዎች ግማሹ መልሱ እዚህ ውስጥ ነው።

ከሪፎርም ክለብ በምን ይለያሉ?

ሪፎርም ክለብ በ1949 የተቋቋመ ቀዳሚ ቡድን ነው። መሪው ብሩክ በርናኪ የሚባሉ ጠበቃ ናቸው። (ስማቸውን አይታችሁ የኛ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ እንግሊዛዊ ናቸው።) በ1952 ለቀረቡት ሁለት ወንበሮች ከተመረጡት አንዱ ራሳቸው በርናኪ ናቸው።

ልዩነቱ ከዓላማ ይልቅ በድምፅ ከፍታና በፍጥነት ነው። ሪፎርም ክለብ በቀጥታ የሚመረጡ አባላት ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ይግቡ እያለ ይጎተጉታል። ሲቪክ ማኅበርም ለውጥ ይፈልጋል፤ ግን ደረጃ በደረጃ፣ መንግሥትን ሳያስቀይም። በምርጫ ይፎካከሩ ነበር። በምርጫ የሚያዙትን ወንበሮች በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ የተካፈሏቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ግን ሁልጊዜ አልተጣሉም። በ1960 ተባብረው ሕገ መንግሥታዊ ለውጥ ለመጠየቅ ለንደን ድረስ ልዑክ ላኩ። ጥያቄው ለዘብ ያለ ነበር፤ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ጥቂት ተመራጮች ይጨመሩ የሚል። ያም ሆኖ አልሆነም። ጮክ ብሎ የጠየቀውም ቀስ ብሎ የጠየቀውም እኩል ባዶ እጁን ተመለሰ።

እንግሊዝ ለምን እንቢ አለች? በሌሎች ቅኝ ግዛቶች ምርጫ ትፈቅድ አልነበር?

ትፈቅድ ነበር። ሲንጋፖርን ብታዩ በዚያው ዘመን በፍጥነት ወደ ራስ አስተዳደር እየሄደች ነው። ለሆንግ ኮንግም ዕቅድ ነበር። ገዢው ማርክ ያንግ የጃፓን ምርኮኛ ሆነው ከከረሙ በኋላ በ1946 ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ አብዛኞቹ አባላቱ በምርጫ የሚገቡ፣ ሰፊ ሥልጣን ያለው የማዘጋጃ ምክር ቤት ይቋቋም አሉ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ነዋሪው በአስተዳደሩ ድርሻ ካገኘ ከተማዋን እንደ ራሱ ያያታል፤ ቻይናም ስትጠራው አይሄድም።

ያንግ በ1947 ለቀቁ። የተተኩት አሌክሳንደር ግራንተም ዕቅዱን አልወደዱትም። እሳቸው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ሆንግ ኮንግ ነፃ አገር ልትሆን አትችልም፤ ወይ የእንግሊዝ ናት ወይ የቻይና። ምርጫ ብንከፍት ደግሞ የቻይና ኮሚኒስቶችና የብሔርተኞቹ ጠብ የድምፅ ሳጥናችን ውስጥ ይገባብናል። በ1949 ማኦ ዜዱንግ ቤይጂንግን ሲይዝ ይህ ሥጋት ክብደት አገኘ። ትልልቆቹ ነጋዴዎችም፣ እንግሊዛዊም ቻይናዊም፣ ነገሩ እንዳለ ቢቀጥል ደስ ይላቸዋል። በ1952 ለንደን ዕቅዱን በይፋ ተወችው።

ቤይጂንግም ዝም አላለችም። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዡ ኤንላይ፣ ሆንግ ኮንግን እንደ ሲንጋፖር ወደ ራስ አስተዳደር ለመውሰድ መሞከር እንደ ጠብ ጫሪነት እንደሚታይ ለእንግሊዞች በሰው አስላኩ። ይህ መልእክት በሰፊው የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰነዶች ሲከፈቱ ነው። ለዘብተኞቹ በዚያ ሁሉ ዘመን በር ሲያንኳኩ በሩን ከውስጥ ለንደን፣ ከውጭ ቤይጂንግ እንደያዙት ሙሉውን አያውቁም ነበር።

ታዲያ ባንዳ ነበሩ ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ከኛ ሰው ሁልጊዜ ይመጣል። አይገርመኝም። መልሴ አይደለም ነው፤ ግን ለምን እንደሚጠየቅ ይገባኛል።

የሚጠየቅበት ምክንያት አለ። ከማኅበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ገዢው ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሾሟቸዋል። በመንግሥት ኮሚቴዎችም ይቀመጡ ነበር። ለገዢውም የሚመች ነገር ነው፤ ትንሽ ምርጫ አለ፣ ጨዋ ተቃዋሚ አለ፣ ለለንደን ጋዜጠኛ የሚታይ ነገር አለ። ወደ ላይኛው ወንበር የሚያደርሰው የገዢው እጅ ከሆነ ደግሞ ሰው ምላሱን ይቆጥባል። ይህን መካድ አይቻልም።

በሌላ በኩል ግን ሕዝቡ ራሱ ምን ይፈልግ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። አብዛኛው ነዋሪ ከጦርነትና ከአብዮት የሸሸ ስደተኛ ነው። እንግሊዝን ወዶ ሳይሆን ሌላውን ፈርቶ የመጣ። አብዮት በቃኝ ያለን ሰው በአብዮት መቀስቀስ አይቻልም። በ1967 ቤይጂንግን የሚደግፉ የግራ ክንፎች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱና ቦምብ መንገድ ላይ ሲቀመጥ 51 ሰው ሞተ። ያኔ ብዙው ነዋሪ የቆመው ከመንግሥት ጎን ነው። በዚህ ከተማ መለዘብ የጥቂት ሰዎች ፈሪነት አልነበረም። የሰፈሩ ጠባይ ነበር።

ሂልተን ቾንግ-ሊን ማን ናቸው?

ማኅበሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ስም። በ1922 የተወለዱት ደቡብ አሜሪካ ውስጥ፣ ያኔ ብሪቲሽ ጊያና በምትባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ በጆርጅታውን ከተማ ነው። በአንዱ የቅኝ ግዛት ጫፍ የተወለደ ቻይናዊ በሌላው ጫፍ ፖለቲከኛ ሆነ። በ1957 ለከተማ ምክር ቤቱ ተመረጡ። ከዚያ እስከ 1991 አልወጡም። 34 ዓመት!

በ1981 የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ቻይናዊ ናቸው። እስቲ አስቡት። ከነዋሪው ከ95 በመቶ በላይ ቻይናዊ በሆነበት ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ ሊቀመንበርነት ለቻይናዊ የደረሰው በ1981 ነው። ከ1973 እስከ 1979 በሹመት፣ ከ1985 እስከ 1988 ደግሞ በከተማ ምክር ቤቱ ተመርጠው በሕግ አውጪው ምክር ቤት አገልግለዋል። በ2022 መጀመሪያ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

የለዘብተኝነት ትርፍም ኪሳራም በኚህ ሰው ሕይወት ላይ ይታያል። ቆይተው፣ ታግሰው፣ ሊቀመንበር ሆኑ። ግን ሊቀመንበር ለመሆን ሩብ ክፍለ ዘመን ጠበቁ።

ኤልሲ ኤልየትስ? እሳቸውም ከለዘብተኞቹ ነበሩ?

አይደሉም። ግን ያለሳቸው ለዘብተኞቹን መረዳት ይከብዳል።

ኤልሲ ኤልየት በሚስዮናዊነት ቻይና ገብተው በኋላ ሆንግ ኮንግ የቀሩ እንግሊዛዊት መምህርት ናቸው። በ1963 በሪፎርም ክለብ ስም ተመረጡ፤ ቆየት ብለው ግን ክለቡን ትተው ለብቻቸው ቆሙ። ደብዳቤ ጽፈው የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። ፖሊስ ከጉሊት ቸርቻሪዎች ጉቦ ይቀበላል ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በ1966 የስታር ፌሪ ጀልባ የአንደኛ ማዕረግ ታሪፍ በአምስት ሳንቲም እንዳይጨምር የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። አንድ ወጣት እሳቸውን ደግፎ ጀልባ ማቆሚያው ላይ የረሃብ አድማ ሲያደርግ ታሰረ፤ ነገሩም ወደ ረብሻ ተለወጠ። መንግሥት ጣቱን እሳቸው ላይ ቀሰረ። ጸረ ሙስና ኮሚሽኑ በ1974 ሲቋቋም ግን ስለ ፖሊስ ጉቦ የተናገሩት ልክ እንደነበር ሁሉም አየ።

እዚህ ላይ ለዘብተኞቹን መውቀስ እወዳለሁ። ያንኑ አቤቱታ እነሱም ይሰሙት ነበር። ተመራጮቹ በየሰፈሩ ነዋሪ ተቀብለው የሚያነጋግሩበት ቢሮ ነበራቸው፤ እዚያ የሚመጣው ሰው ስለ ቤት፣ ስለ ጉሊት ፈቃድ፣ ስለሚጠየቀው ጉቦ ያወራል። የሰሙትን ይዞ በይፋ ለመጮህ ግን አንዲት መምህርት አስፈለገች።

የሠሩት የሚታይ ነገር አለ?

አለ፤ ግን ሥራው የምክር ቤቱ ስለሆነ ለማኅበሩ ብቻ መስጠት አይገባም። በ1962 የተከፈተው ሲቲ ሆል አንዱ ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ የኮንሰርት አዳራሽና ቲያትር ለተራው ሰው የተከፈተበት ቦታ ነው። የሆንግ ኮንግ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልን በ1977 የጀመረው ይኸው ምክር ቤት ነው። ስለ ቆሻሻ ሊያወራ የተቋቋመ ምክር ቤት ፊልም ማሳየቱ ደስ ይለኛል።

ትልቁ ለውጥ የ1973ቱ ነው። የመንግሥት ሹማምንት ከምክር ቤቱ ወጡ። 12 ተመራጭና 12 ተሿሚ ብቻ ቀሩ። ከሕንፃ ግብር ድርሻ አግኝቶ የራሱን ገንዘብ ራሱ ማዘዝ ጀመረ። ሹም ያልሆነ የመጀመሪያው ሊቀመንበርም ያኔ ተመረጡ፤ አርናልዶ ዴ ኦሊቬራ ሳሌስ የተባሉ የፖርቱጋል ዘር ያላቸው ሰው ናቸው። ከዓመታት ጉትጎታ የተገኘ ነገር ይህ ነው። ከተጠየቀው ያነሰ፣ ከምንም የተሻለ።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። የምክር ቤቱ ሥራ በእንግሊዝኛ ስለነበር ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ስለ ራሱ ሰፈር የሚባለውን መከታተል አይችልም። ቻይንኛ በሕግ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1974 ነው። ለዚህ ዋናውን ግፊት ያደረጉት ተማሪዎችና የሲቪክ ቡድኖች ናቸው፤ ከምክር ቤቱ ተመራጮችም ጥያቄውን ያነሱ ነበሩ።

ለምን ከሰሙ?

ብዙ ሰው ቻይና ሆንግ ኮንግን ልትረከብ ስትል ነው የከሰሙት ይላል። እኔ አልስማማም። የጣላቸው ለዓመታት የጠየቁት ነገር መምጣቱ ነው። ምርጫ ለሁሉም ሲከፈት ነው የወደቁት።

በ1982 የወረዳ ቦርዶች ተቋቋሙ፤ ማንኛውም ጎልማሳ ነዋሪ ተመዝግቦ መምረጥ ቻለ። በ1983 ለከተማ ምክር ቤቱም እንዲሁ ሆነ። ተመራጮቹም 15 ደረሱ። ያኔ የመጡት አዲሶቹ ተወዳዳሪዎች በመንግሥት ፎቆች ውስጥ ደጅ ለደጅ ሲዞሩ የኖሩ መምህራን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችና የሰፈር አደራጆች ናቸው። የቤት ኪራይ ሲጨምር ሰው ያሰባሰቡ፣ ውሃ ሲጠፋ አብረው የተሰለፉ። ከነሱ ብዙዎቹ በ1990 የተቋቋመውን የመጀመሪያውን ትልቅ የዴሞክራቶች ፓርቲ መሠረቱ።

ሲቪክ ማኅበር ይህን ሥራ አልለመደም ነበር። የለመደው ጥቂት ሺህ የተማረ መራጭ ነው። ቢሯቸው መጥቶ የሚያለቅሰው ሰው አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሰው ቢሯቸው አይመጣም። እንዲህ ያለ ነገር ሠላሳ ዓመት ሲቆይ እግር ያሰንፋል። ሰፈር ውስጥ ካይፎንግ የሚባሉ እንደኛ ዕድር ያሉ መረዳጃ ማኅበራት ነበሩ፤ ለችግረኛ መድኃኒትና የቀብር ወጪ የሚያዋጡ። ለዘብተኞቹ እዚያ ሥር ቢሰዱ ኖሮ የ1983ቱ ምርጫ ባላስደነገጣቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ቾንግ-ሊን በግላቸው እስከ 1991 ቆዩ፤ ማኅበሩ ግን ቀስ በቀስ ከፖለቲካው መድረክ ወረደ።

ለስለስ ባይሉ ኖሮ ሆንግ ኮንግ ቶሎ ዴሞክራሲ ታገኝ ነበር?

አይመስለኝም። ሪፎርም ክለብ ጮኸ፣ ሲቪክ ማኅበር ለመነ፣ ውጤቱ አንድ ነው። ውሳኔው እነሱ እጅ አልነበረም። ልናስጠይቃቸው የሚገባን በሩ ሲከፈት ይዘውት የሚገቡት ሕዝብ ስላላዘጋጁ ነው።

የከተማ ምክር ቤቱ ዛሬ አለ?

የለም። በ1995 አባላቱ በሙሉ በምርጫ የገቡበት ሆነ፤ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። ከ1997ቱ ርክክብ በኋላ የወፍ ጉንፋን መጣና በከተማዋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮ ታረደ። መንግሥትም የምግብ ጤናን የሚቆጣጠሩ አካላት በዝተው ተበታትነዋል አለ፤ ይህ ምክር ቤቱን ለማፍረስ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ዴሞክራቶቹ ተቃወሙ፤ ሰሚ አላገኙም። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 31 ቀን 1999 ፈረሰ። በማግሥቱ ገበያውን፣ ቄራውንና የጉሊቱን ፈቃድ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተረከበ፤ ቤተ መጻሕፍቱንና መናፈሻውን ደግሞ ሌላው።